ሆድ ይፍጀው የተባለው ደዌ በዓይን ሲገለጥ

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ወረታ የሚሻገረውን፣ ሕዝቡ የቻይና መንገድ እያለ የሚጠራውን ጎዳና የሄደበት ሰው፣ ጋሸናን አልፎ ወደ ምዕራብ ሲያቀና ፍላቂትን ያገኛታል። ፍላቂት የመቄት ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ባቄላ ይበቅልበታል፤ ነፋሱም አያርፍም። በበጋ አቧራው፣ በመከር የአውድማው እብቅ፣ በቤት ውስጥ ደግሞ የኩበቱ ጢስ ዓይንን ይፈታተነዋል። ስለዚህ በዚያ አገር ዓይኑ ቀልቶ የሚታይ ሰው ቢኖር ነገሩን አክብዶ የሚጠይቀው የለም። አንዱ ጢስ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ምች መትቶት ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ማዝ ነው፣ በማለዳ ውሃ ይታጠበው ብሎ ያልፋል። እኛም በዚያ በማስተማር በቆየንበት ጊዜ እንዲሁ እያልን የምናልፍ ነበርን። ይህን ጽሑፍ ለክርስቲያን ቤተ ሰብ ለማቅረብ ያነሣሣን በዋዛ ካለፍናቸው ከእነዚያ ዓይኖች የአንዱ ነገር ነው።

ዓይኑ የአንድ ባልንጀራችን ነው። ስሙን አንጠራም፤ ታሪኩን እንድንጽፈው ግን ፈቅዶልናል። ሒሳብ የሚያስተምር፣ ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላ፣ ጨዋታ ዐዋቂ ሰው ነበር። ሦስት ዓመት ያህል ሆዱን ሲያመው ኖሯል። በቀን ስድስትና ሰባት ጊዜ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ተቅማጡም ደም የተቀላቀለበት ነው። ለተማሪዎቹ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጥያቄ ጽፎላቸው ብቅ ብሎ ሲመለስ፣ እኛ የሥራ ብልኃት ይመስለን ነበር። ሐኪም ቤት በሄደ ቁጥር አሜባ ነው እየተባለ ክኒን ይሰጠዋል፤ ለሳምንት ይሻለዋል፤ እንደ ገና ያገረሽበታል። በመጨረሻ መሄዱንም መናገሩንም ተወው። ስለዚህ ዓይነት ነገር በባልንጀራ ፊት ማውራት በእኛ አገር ነውር ነውና፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ።

በአንድ የኅዳር ወር ግራ ዓይኑ ቀላ። ከአንድ ሱቅ ጠብታ ገዝቶ አደረገበት፤ ሁለት ቀን የተሻለው መሰለ። ጎረቤቱ የምታጠባ ሴት ስለ ነበረች የጡት ወተትም ጨመሩለት። ከዚያ በኋላ ግን ብርሃን ጠላ። በሚያስተምርበት ክፍል የመስኮቱን መዝጊያ ይዘጋል፤ በመምህራን ክፍል ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ ነጠላውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ይቀመጣል። የጻፈውን ቊጥር ራሱ በወንፊት ውስጥ እንደሚያይ ሆኖ ይታየው ጀመር። ያን ጊዜም ቢሆን ጢስ ነው ያልነው እኛ ነን።

ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሣው ወደ ደሴ ወረደ። በዚያ ያየው የዓይን ሐኪም በሚያጎላ የብርሃን መሣሪያ ሁለቱንም ዓይኖቹን እየተመለከተ ብዙ ከቆየ በኋላ ቀና አለና፣ “መገጣጠሚያዎን ያምዎታል? ሆድዎስ እንዴት ነው?” ብሎ ጠየቀው። ባልንጀራችን ይህን ሲነግረን፣ “ሦስት ዓመት የደበቅሁትን ዓይኔ አሳበቀብኝ” ነበር ያለን።

ለመሆኑ ዓይንና አንጀትን ምን አገናኛቸው? አስቀድመን አንጀትን እንይ። በትንሽ ነፍሳትና በተበከለ ውሃ የሚመጣው ተቅማጥ፣ አሜባውም ጃርዲያውም፣ ተገቢው መድኃኒት ሲሰጠው ይለቃል። ከዚህ የተለየ ሌላ ደዌ አለ፤ ይኸውም አንጀት ራሱ ሳይበርድ ለዓመታት የሚቆጣበት፣ ሐኪሞች የአንጀት ብግነት የሚሉት ነው። ዋናዎቹ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ትልቁን አንጀት ብቻ የሚያቆስለው አልሰረቲቭ ኮላይተስ ነው። ሁለተኛው ክሮንስ የሚባለው ሲሆን፣ ከአፍ እስከ መቀመጫ ባለው መንገድ በየትኛውም ቦታ ሊወጣ ይችላል፤ ይልቁንም የትንሹ አንጀት መጨረሻ ይወድዳል። የመጀመሪያውን በስሙ ለይቶ የጻፈው በሎንዶን ጋይስ ሆስፒታል የነበረው ሳሙኤል ዊልክስ ሲሆን ጊዜውም በአውሮፓ አቆጣጠር 1859 ነው። ሁለተኛውን በ1932 የገለጡት በኒው ዮርክ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል የነበሩት ቡሪል ክሮንና ሁለት ባልደረቦቹ ናቸው። የሚያስደንቀው ግን ይህ ክሮን የተባለው ሐኪም ስሙ ለደዌው ከመሰጠቱ ከ7 ዓመት በፊት፣ በ1925፣ ትልቁ አንጀታቸው በቆሰለ ሰዎች ላይ ዓይንም እንደሚጎዳ ጽፎ ማሳወቁ ነው። ስለዚህ የሆድና የዓይን ዝምድና ትናንት የተገኘ ወሬ አይደለም፤ መቶ ዓመት የሞላው ዕውቀት ነው።

ይህ ደዌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከእርግማንም ከቡዳም አይመጣም፤ በበሽተኛው ምግብ ምርጫ ወይም ስንፍናም አይደለም። በሰውነታችን ውስጥ ጠላትን የሚከላከል ዘብ አለ። ዘቡ ሌባውን ካባረረ በኋላ መሣሪያውን ማስቀመጥ ሲገባው፣ የቤቱን ሰዎች እንደ ሌባ ቆጥሮ ቢተኩስባቸው ምን ይሆናል? በአንጀት ብግነት የሚሆነው እንደዚህ ያለ ነገር ነው። በትውልድ የሚወረስ ዝንባሌም አለበት። ዘቡ ደግሞ በደም ውስጥ የሚመላለስ ስለ ሆነ ጥይቱ በአንጀት ብቻ አይወሰንም። ጉልበትን፣ ቁርጭምጭሚትንና ወገብን ያቆጣል፤ በቅልጥም ላይ ቀይ የሚያምም እብጠት ያወጣል፤ በአፍ ውስጥ ቁስል ያመጣል፤ ዓይንንም ያቀላል። የአንጀት ብግነት ካለባቸው ሰዎች ከመቶው ከ4 እስከ 10 የሚሆኑት ዓይናቸውን እንደሚታመሙ ይገመታል። የዓይኑ ሐኪም ሆድንና መገጣጠሚያን በአንድ ትንፋሽ መጠየቁ ስለዚህ ነበር።

ዓይን እንደ ሽንኩርት ልብስ በልብስ ላይ የተደራረበ ነው። ብግነቱ በየትኛው ልብስ ላይ እንዳረፈ ማወቅ ዓይንን በማዳንና በማጥፋት መካከል ያለው ልዩነት ነው ብንል አላጋነንንም። ከነጩ ክፍል በላይ ባለው ስስ ሽፋን ላይ ሲያርፍ ኤፒስክለራይተስ ይባላል። ዓይን ይቀላል፣ ትንሽ ይቆረቁራል፣ ያነባል እንጂ ማየትን አይቀንስም፤ ብዙ አያምም። ይህኛው የሆድ ተከታይ ነው፤ አንጀት ሲቆጣ ይቆጣል፣ አንጀት ሲበርድ ይበርዳል። በንጹሕ ጨርቅ ቀዝቃዛ ውሃ መያዝና ሆድን ማሳከም ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ወደ ውስጥ ዘልቆ ራሱን ነጩን ክፍል ሲይዝ ግን ስክለራይተስ ይሆናል፤ ሕመሙ ጥልቅ ነው፤ ወደ ቅንድብና ወደ መንጋጋ ይሄዳል፤ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፤ በጣት ሲነካም አያስነካም። ሲቆይም ነጩን አሳስቶ ከሥሩ ያለው ሰማያዊ መልክ እንዲታይ ያደርገዋል። እርሱ በጠብታ ብቻ የሚመለስ ስላልሆነ ሐኪም በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ያዝለታል።

ከሁሉም በላይ ልናስተውለው የሚገባን በዓይን ውስጠኛ ክፍል፣ በብሌን ዙሪያ ባለው ባለ ቀለም ክበብ ላይ የሚያርፈው ነው። ዩቪያይተስ ይሉታል። የባልንጀራችንም ይህ ነበር። ቅላቱ ጥቁሩን ክፍል እንደ ቀለበት ይከብበዋል፤ ብርሃን ያሠቃያል፤ እይታ ይደበዝዛል። ክፋቱ ይህ ብቻ አይደለም። የቆጣው ክበብ እንደ ሙጫ ያለ ነገር እያወጣ ከኋላው ካለው የዓይን መስተዋት ጋር ይጣበቃል፤ ብሌኑም እንደ ልብ መስፋትና መጥበብ ይሳነዋል። ሳይታከም ሲቆይ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራ ይጋርዳል፣ ጥርት አድርጎ የሚያየው የዓይን ወለልም ያብጣል። አንዳንዱን ሰው በድንገትና በኃይል ይይዘዋል። በአንጀት ብግነት የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ በቀስታ ይገባል፤ ሁለቱንም ዓይን ሊይዝ ይችላል፤ ከወንዶችም ይልቅ በሴቶች ይበዛል። ደግሞም የሆድን ጊዜ አይጠብቅም። ሆድ ጸጥ ባለበት ወራት፣ አልፎ አልፎም የሆዱ ደዌ ገና ሳይታወቅ፣ ዓይን ቀድሞ ሊታመም ይችላል። እንግዲህ “ሆዴስ አሁን ደኅና ነው” ማለት ለዓይን ዋስ አይሆነውም።

ሐኪሙ ለዚህ የሚሰጠው ሁለት ዓይነት ጠብታ ነው። አንደኛው ብግነቱን የሚያበርደው ስቴሮይድ ነው፤ ሁለተኛው ብሌንን የሚያሰፋ ሲሆን ሥራውም ሕመሙን ማስታገሥና የተጣበቀውን ማላቀቅ ነው። ይህን ሁለተኛውን ያደረገ ሰው ብርሃን ይበዛበታል፤ በቅርብ ያለውን ጽሕፈትም ለጊዜው ማንበብ ያቅተዋል። ባልንጀራችን ይህን አስቀድሞ ባለመስማቱ ዓይኔ ጨርሶ ጠፋ ብሎ አንድ ሌሊት ሲያለቅስ አድሯል። መድኃኒቱ ሲለቅ ይመለሳል።

በቤት ሆነን ከማዝ እንዴት እንለየው? ማዝ ከሆነ ቅንድብ በጠዋት ተጣብቆ ይነሣል፤ ዓይን ያሳክካል፤ ዛሬ አንዱን ልጅ ከያዘ ነገ ታናሹን ይይዛል፤ ጥቅጥቅ ያለው ፈሳሽ ሲጠረግ እይታ ይጠራል። ነገር ግን ፈሳሽ ሳይኖረው የሚያምም፣ ብርሃን የሚጠላ፣ ተጠርጎም የማይጠራ ዓይን ማዝ አይደለም። እንዲህ ያለው ዓይን የሆድ ሕመም ኖረም አልኖረም ነገ ተብሎ አያድርም።

ትራኮማንም ሳንጠቅስ ብናልፍ አንባቢ ይታዘበናል። በ1998 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገው የዓይን ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከመቶው 62.6 የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር። ይህ በክልሎች ሁሉ ከታየው ከፍተኛው ነው። ከዚያ ወዲህ በካርተር ማእከልና በላየንስ ድጋፍ አዚትሮማይሲን በዘመቻ ሲታደል፣ ቅንድባቸው ወደ ውስጥ የታጠፈባቸው እናቶችም በቀዶ ሕክምና ወረንጦአቸውን ሲጥሉ በዓይናችን አይተናል። ዳሩ ግን አንድ በሽታ በአገር ላይ ሲገን ሌላውን ሁሉ በስሙ ይሸፍነዋል። በእኛ አውራጃ ዓይን ከቀላ ትራኮማ ነው፤ ሆድ ከተቆረጠ አሜባ ነው። ለትራኮማ የሚሰጠው መድኃኒት በብሌን ዙሪያ ያለውን ብግነት አያበርደውም፤ የአሜባው ክኒንም የአንጀቱን ብግነት አያድንም። ባልንጀራችን በሁለቱ ስሞች መካከል ሦስት ዓመት ጠፋ።

ስለ ሱቅ ጠብታ ጥቂት እንጨምር። የዓይኑን ብግነት የሚያበርደው ስቴሮይድ ራሱ ባልተፈቀደለት ዓይን ላይ ሲገባ ዓይን ያጠፋል። በአውድማ ላይ የገብስ እብቅ የወጋው ዓይን በሻጋታ ሊመርዝ ይችላል፤ በቫይረስ የሚመጣ የዓይን ቁስልም አለ። በነዚህ ላይ ስቴሮይድ ቢጨመር ቅላቱ ለሁለት ቀን ይጠፋል፤ ቁስሉ ግን ከሥር እየሰፋ ጥቁሩን ክፍል ይበሳዋል። ለትክክለኛው ሕመም ታዝዞ እንኳ ለብዙ ጊዜ ከተወሰደ የዓይንን ግፊት ይጨምራል፤ ሞራንም ያፋጥናል። ለሆዳቸው ብለው ፕሬድኒሶሎን በአፍ የሚወስዱ ሰዎችም፣ ዓይናቸው ባይቀላም በየጊዜው ግፊቱን ማስለካት የሚገባቸው ስለዚህ ነው። ሱቅ ያለው ነጋዴ ይህን አያውቅም፤ አንፈርድበትም። የጡት ወተትና የቅጠል ጭማቂ ደግሞ በቅን ልቡና የሚሰጡ ናቸው፤ ነገር ግን ንጽሕናቸው ያልተጠበቀ ነገር በቆሰለ ዓይን ላይ ማፍሰስ ቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው።

በአገራችን ይህን ደዌ የሚያከብደው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም የሳንባ ነቀርሳ ነው። ነቀርሳ በሳንባ ብቻ አይቀመጥም፤ በአንጀትም ይገባል፤ የሚወድደውም ቦታ ክሮንስ የሚወድደውን የትንሹን አንጀት መጨረሻ ነው። ክሳቱ፣ ቁርጠቱ፣ ትኩሳቱ ይመሳሰላል። ነቀርሳ ዓይንንም ውስጡን ሊያቆጣ ይችላል። ለክሮንስ የሚሰጠው መድኃኒት የሰውነትን ዘብ የሚያስተኛ ስለ ሆነ፣ በነቀርሳ ላይ ቢሰጥ ጠላት ይለቀቃል። ስለዚህ ሐኪም ምርመራ ሲያበዛ፣ በጫፉ ካሜራ ያለበትን ቱቦ በአንጀት ሲያስገባ፣ ቅንጣት ሥጋ ቆርጦ ሲያስመረምር፣ ደረትን በራጅ ሲያነሣ ገንዘብ ፍለጋ ነው ብለን አንማረር። የባልንጀራችን ጉዳይ በአዲስ አበባ በዚህ መንገድ ተመርምሮ፣ ነቀርሳ አለመሆኑና የትልቁ አንጀት ቁስለት መሆኑ የታወቀው ከብዙ ምልልስ በኋላ ነበር።

የሌሊት ዓይን ነገርም አለ። በመሸ ጊዜ የማያይ ሰው ዳፍንት አለበት እንላለን። ዳፍንት የሚመጣው ቪታሚን ኤ ሲያንስ ነው፤ ይህም ቪታሚን ከቅባት ጋር በትንሹ አንጀት በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። ትንሹ አንጀቱ በክሮንስ የቆሰለ ወይም የተቆረጠ ሰው ጎመኑንና ዱባውን በልቶ እንኳ ፍሬው ሳይገባው ሊወጣ ይችላል። ተቅማጥ የሚመላለስባቸው ሕፃናትም በዚሁ ይጎዳሉ። ሲመሽ በደጃፍ የሚደናቀፍ ልጅ ወይም በማኅሌት ሌሊት መንገዱ የሚጠፋበት ዘመድ ካለን ለሐኪም እንንገር፤ ቪታሚኑ በልክ ይሰጣል፤ ከልክ ያለፈው ግን ጉበትን ይጎዳል።

በዚህ ላይ ጾም ይነሣል። የእኛ ሰው ታሞም መግደፍ ይከብደዋል፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ፍትሐ ነገሥት የጾምን ሕግ ሲደነግግ ሕመምተኛውን ከጤነኛው ለይቶ ያየዋል። እንቁላልና ጉበት የተከለከለበት ወራት ሲደርስ፣ አንጀቱ ደም የሚያፈስስ ሰው ራሱን በራሱ ከሚፈርድ ጉዳዩን ለንስሐ አባቱ ገልጦ ይንገር። ለንስሐ አባት ኃጢአትን እንናገራለን፤ ተቅማጥን መናገር ለምን ያሳፍረናል? ጠበልም እንደዚሁ ነው። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ይጣል የሚል ትእዛዝ የለም፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። ፕሬድኒሶሎን ለብዙ ሳምንታት የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቋርጠው፣ ሰውነቱ የራሱን ማመንጨት ስላቆመ አቅሙ ከድቶት ሊወድቅ፣ ነፍሱም ለአደጋ ልትጋለጥ ትችላለች። የሚቀነሰው ሐኪም በሚያዘው መጠን፣ ጥቂት በጥቂት ነው።

ከፍላቂት ለሚነሣ ሕመምተኛ መንገዱ ሁለት ነው። በምሥራቅ በወልድያ በኩል ወደ ደሴ ይወረዳል፤ ከዚያም ለዓይን ሕክምና የታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ያው ቦሩ ሜዳ ነው። በምዕራብ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ማእከል ይደረሳል። በአዲስ አበባ ለዓይን የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ለአንጀት ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ አሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ወሎን በያዘ ጊዜ እነዚህ መንገዶች ተቆርጠው፣ የጤና ተቋማትም ተዘርፈው፣ የጀመሩት መድኃኒት ያለቀባቸው ብዙዎች ነበሩ። ከዚያ የተረፈ አንድ ልማድ አለ፤ ባልንጀራችን ክኒኑ የወር ሲቀረው እንጂ ሲያልቅ አይሄድም።

ሌላም ነገር ተምሯል። ለዓይን ሐኪም ስለ ሆዱ፣ ለሆድ ሐኪም ስለ ዓይኑ የሚናገር ሰው ራሱ ብቻ መሆኑን ዐውቆ፣ የተማሪ ደብተር ገዝቶ ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈለው። በግራ በኩል ሆድን ይጽፋል፤ ስንት ጊዜ እንደ ወጣ፣ ደም እንደ ነበረው፣ ምን መድኃኒት እንደ ዋጠ። በቀኝ በኩል ዓይንን ይጽፋል፤ የቀላበትን ቀን፣ ብርሃን የጠላበትን፣ ያደረገውን ጠብታ። ወደ የትኛውም ሐኪም ሲሄድ ደብተሩን ከፍቶ ያቀርባል። አፍ የሚያፍርበትን ደብተር አያፍርበትም ይላል። በዚህ ደብተር ነው ሁለተኛው ዓይኑ ሲቀላ በማግሥቱ መንገድ የጀመረው፤ ያም ዓይን ሳይጣበቅ ዳነ።

የግራው ግን የዘገየበት ነውና ብሌኑ ክብነቱን እንዳጣ ቀረ፤ በአንድ በኩል ተጣብቆ የገብስ ፍሬ ይመስላል። ባልንጀራችን አሁንም ሒሳብ ያስተምራል፤ መስኮቱም ተከፍቶ ይውላል። ተማሪዎቹ “መምህር፣ ይህኛው ዓይንዎ ለምን እንዲህ ሆነ?” ሲሉት ጠመኔ አንሥቶ በጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ክበብና አንድ የተጣመመ ቅርጽ ጎን ለጎን ይሥልላቸዋል፤ የክበብን ጠባይ ካስተማራቸው በኋላም ስለ ሆዱ ይነግራቸዋል።